የጎደለችው «ሟ»

ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ፣ ቁልቁል ለሚወርድ ሾፌር፣
ደብረ ሲና ከመታየቷ በፊት፣ ጉሟ ነው የሚናገር።
ጣራ የለም፣ አጥር የለም፤ ግራው ነጭ፣ ቀኙ ነጭ፤
የቆሎ ሻጮቹ ድምፅ ብቻ፣ ከየት እንደሆን የሚረጭ።
ድንገት ግን ከነጩ መሐል፣ እንደ በሬ ሻኛ ጉብ ያለች፣
አንዲት ቀይ «ጎ» ትወጣለች፤
«ሚ» ትከተላታለች፣ «ስ»፣ ከዚያ «ታ» ትደርሳለች።
ሾፌሩ ፍሬን ይይዛል።
ጎማው ይለጠፋል፣ ይነፋል፤ ሰውየው ከፍሎ ይሄዳል።
ጸሐፊውን ማን ይጠይቃል?

ጋሽ ወልደየስ ነው የጻፈው።
አርባ ዓመት መሰላል ላይ፣ ብሩሹን በጥርሱ ነክሶ፣
የጎደለች ጣሳ ቀለም፣ በአኳራጅ ለውሶ።
«ምነው አወፈርከው?» ሲሉት፣ «ጉም ቀጭን ነገር ይበላል፤
እግሩ ያልጠና ፊደል እዚህ፣ ሳይረፍድ ይወድቃል» ይላል።
ስለዚህ «ለ» ሁለት ባቱ፣ አቀበት የለመደ ነው፤
«ጠ» በሦስት እግሩ፣ እንደ በርጩማ የሚያስቀምጥ ነው፤
«ሸ» ደግሞ ቆቡን አዘንብሎ፣
«ደህና ዋላችሁ?» የሚል ይመስላል፣ ግድግዳ ተደግፎ ውሎ።

እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ፤ ብርዱ ጣት በሚያደነዝዝበት፣
አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ባለበት፣ ማስታወቂያ ቤት።
ሰሌዳዎቹን ፎቶ አንሥቼ፣ ፊደሎቹን አንድ ባንድ ለቀምኩ፤
ከፀጉር ቤቱ «ፀ»ን፣ ከወፍጮ ቤቱ «ጮ»ን ሰረቅኩ፤
ማንም ሰው እንዲጽፍበት ብዬ፣ ገበታውን ስሞላ ከረምኩ።
አንድ ቤት ባዶ ቀረ።
«ሟ»።

ወረድኩ። ጋሽ ወልደየስ ፀሐይ ይጠብቃል፣ ጋቢውን ለብሶ።
«ሟ የታለች?» አልኩት። ሳቀብኝ፣ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ አብሶ።
«ሟች አለ፣ ሟርት አለ፤
ማነው ይኼን ብሎ ሱቅ ከፍቶ፣ ደጁ ላይ የሰቀለ?
የመቃብር ድንጋይ አምጥተውልኝ ነበር፣ በጥሩ ብር።
መለስኩት። እጄ የሚያውቀው ‹ግቡ› ማለት ነው፤
እዚያ ግቡ አይባልም፣ ምን ቢኖረው በር።
ደግሞስ ፊደል ብቻውን አይጻፍም። ቃል አምጣ።»

ቃል አጣሁ። ዝም ብለን ተቀመጥን።
ፀሐይ በገደሉ በኩል ወጣች፤ ጉሙ ከሥር ከሥሩ ሳሳ፤
አንድ ጣራ፣ ከዚያ አንድ ዛፍ፣ ከዚያ አንድ አይሱዙ ተነሣ።
ሽማግሌው ጣቱን ቀሰረ፦
«ሟሟ። አየህ? ጉሙ ሟሟ።» ብሩሽ አቀብለኝ አለ።
እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንደኛዋ «ሟ» ጠመመች፤
ሁለተኛዋ ቀጥ ብላ፣ እንደ ወታደር ቆመች።
እኔ ጠማማዋን ወሰድኩ።

አሁን ፊደሉን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንዲህ እላለሁ፦
ለጎሚስታ ይሁን፣ ለእርጎ ቤት፣ ለአይሱዙ ጀርባ፣
ለሠርግ ድንኳን፣ ለትምህርት ቤት በር፤ ከሩቅ ዓይን እንዲገባ።
ከሦስት ቃል አታሳልፈው፤ ብዙ ሲያወራ ይጮኻል።
መድኃኒት ብልቃጥ ላይ አታሳንሰው፤ ይታፈናል።
ለፍርድ ቤት መጥሪያ አይሁን፤ በሚስቅ ፊደል ሰው አይከሰስም።
ለመቃብርም… እሱን እንኳ ነግሬሃለሁ፤ አልደግምም።

ባለፈው ጥር ጋሽ ወልደየስ ዐረፈ።
የዕድሩ ጸሐፊ «ጻፍልን» አለኝ፤ ማስታወቂያው በእጄ አለፈ።
«ሟች» የምትለዋን በሌላ ፊደል ጻፍኳት፣
ኮምፒውተሩ ይዞት በመጣ፣ ጉም በሚበላው ቅጥነት።

ጠማማዋ «ሟ» ግን ትርንጎ ጋ ናት፤
ከመናኸሪያው በታች ኬክ ቤት ከፍታ፣ «ሟሟ» ብላ ሁለቴ ሰቀለቻት።
«አፍ ውስጥ ስለሚሟሟ ነው» ትላለች። ስለ ጉሙ አልነገርኳትም።
ጉም ሲወርድ፣ ረዳቱ የመኪናውን መስኮት በክንዱ ይጠርጋል፤
«ሟ…» ይላል፤
ሁለተኛዋ ላይ ሳይደርስ፣ መኪናው ያልፋል።